አንደበት አላጡም፣ ሰሚ ግን አጡ

(የድሆችን ታሪክ ስለ ማድመጥና ስለ ፍትሕ ግዴታችን፤ ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የተዘጋጀ ጥናት)



የአዋሽ ወንዝ የሚነሣው በደንዲ ወረዳ፣ በጊንጪ ከተማ አካባቢ ካለው ደጋ ነው። በመነሻው ላይ ሕፃን ልጅ ዘሎ የሚሻገረው ትንሽ ውሃ ነው። ከዚያ ወርዶ ግን 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በቆቃ ግድብ ተጠራቅሞ የኤሌክትሪክ ኃይል ይሰጣል፤ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ አገዳ ያጠጣል፤ በመጨረሻም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ይቀራል። ስለ አዋሽ ሲወራ ግድቡና የስኳር ፋብሪካው ይነሣሉ እንጂ ምንጩ አጠገብ የሚያርሰውን ገበሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ብሂላችን ግን ወደ መነሻው እንድንመለስ ይመክረናል።

የሰውም ነገር እንዲሁ ነው። ስለ ድሆች በየስብሰባው ብዙ ይነገራል፤ ከድሆች አፍ የሚሰማው ግን እጅግ ያነሰ ነው። ብዙ ጊዜም በመልካም ፈቃድ «ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ እንሁን» እንላለን። ይህ አባባል በጎ ቢሆንም ስሕተት ሊያስከትል ይችላል። ባልቴቲቱ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ከገጠር ወጥታ በሰው ቤት የምታገለግለው ልጅ ሁሉም መናገር ያውቃሉ፤ የጎደላቸው አንደበት ሳይሆን ጆሮውን የሚሰጣቸው ሰው ነው። እንግዲህ በዚህ ጥናት የምንመለከተው ዐቢይ ነገር የክርስቲያን የመጀመሪያ ተግባር በድሀው ፋንታ መናገር ሳይሆን ድሀው ራሱ ሲናገር እስከ መጨረሻው መስማት፣ ከሰሙም በኋላ ፍትሕ የሚጠይቀውን መፈጸም መሆኑን ነው።

1. ቅዱስ መጽሐፍ ምን ያስተምረናል?

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 16 የተጻፈውን የአጋርን ታሪክ በጥሞና እናንብብ። አጋር ግብፃዊት ባሪያ ነበረች። አብራምና ሦራ ስለ እርስዋ ሲነጋገሩ ባሪያይቱ እያሉ ይጠቅሷታል እንጂ አንድ ጊዜም እንኳ በስሟ ሲጠሯት አናነብም። በምድረ በዳ ውሃ ምንጭ አጠገብ ያገኛት የእግዚአብሔር መልአክ ግን በመጀመሪያ በስሟ ጠራት፤ ቀጥሎም ከወዴት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት። ይኸውም ያለፈውን ታሪኳንና የወደፊት ተስፋዋን ራስዋ እንድትናገር ዕድል መስጠቱ ነው። ልጇም እስማኤል ተባለ፤ ትርጓሜውም «እግዚአብሔር ይሰማል» ማለት ነው። እርስዋም በበኩሏ ለእግዚአብሔር የሚያያት አምላክ መሆኑን የሚገልጽ ስም አወጣችለት። በቅዱስ መጽሐፍ ለእግዚአብሔር ስም ስታወጣ መጀመሪያ የምናገኛት ሰው ይህች ማንም በስሟ ያልጠራት ባሪያ መሆኗ ሊያስደንቀን ይገባል።

በሐዲስ ኪዳንም ቅዱስ ማርቆስ በምዕራፍ 5 ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ያቀርብልናል። አንደኛው የምኩራብ አለቃ ኢያኢሮስ ነው፤ ስሙም ክብሩም ይታወቃል። ሁለተኛዋ 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረች፣ ስሟ ያልተጻፈ ሴት ናት። የአለቃው ልጅ ልትሞት ተቃርባ ሁሉም በሚቻኮልበት ሰዓት ጌታችን ቆመ፤ ማን እንደ ነካውም ጠየቀ። ሴቲቱም እየተንቀጠቀጠች እውነቱን ሁሉ ነገረችው። እርሱም አላቋረጣትም፤ ልጄ ብሎም ጠራት። አለቃው በዚያ ጊዜ ሲጠብቅ ምን ያህል እንደተጨነቀ መገመት አያዳግትም። ነገር ግን ድሀይቱ ስለተሰማች ኢያኢሮስ የቀረበት በረከት የለም፤ የእርሱም ልጅ በሕይወት ተነሣች። «ሁሉን ሰው ለመስማት ጊዜ የለንም» ለምንል የቁምስና አገልጋዮች ከዚህ የተሻለ መልስ ከየት ይገኛል?

የትንሣኤውን የምሥራች ያመጡ ሴቶች ነገራቸው ለሐዋርያት እንደ ከንቱ ወሬ እንደመሰላቸው ቅዱስ ሉቃስ ሳይደብቅ ጽፎልናል (ሉቃ. 24፥11)። የቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ስብከት የተነገረው ለማመን ባልፈለጉ ጆሮዎች ፊት ነበር።

2. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ረሩም ኖቫሩም» የተባለውን ሐዋርያዊ መልእክት ሲያወጡ የሠራተኞችን ሰቆቃ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አደረጉት። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው «ጋውዲዩም ኤት ስፔስ» የሰዎች፣ በተለይም የድሆች ደስታና ኀዘን የክርስቶስ ደቀ መዛሙርት ደስታና ኀዘን መሆኑን አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተካሄደው የአፍሪካ ሲኖዶስ ቤተ ክርስቲያንን የእግዚአብሔር ቤተሰብ ብሎ ገለጻት፤ በቤተሰብ መካከል ደግሞ ሳይናገር የሚያድር ልጅ ሊኖር አይገባም።

ነፍስ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም ለዓለም የማኅበራዊ መገናኛ ቀን ባስተላለፏቸው መልእክቶች ይህንኑ አስፍተው አስተምረዋል፤ የ2020 መልእክታቸው ታሪክን ስለ መተረክ፣ የ2022 መልእክታቸው ደግሞ በልብ ጆሮ ስለ ማድመጥ ነበር። የሁለቱ ቅደም ተከተል ለእኛ ትርጉም አለው፤ ታሪክ ተራኪን ብቻ ሳይሆን አድማጭንም ይፈልጋልና።

3. የአስቴር ጋኖ ምስክርነት

ይህን ትምህርት ከምድራችን በወጣ ሕይወት እንመልከተው። አስቴር ጋኖ የተባለች የኦሮሞ ልጅ በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ላይ ገና በልጅነቷ በሊሙ እናርያ ንጉሥ ተማርካ ለባርነት ተሸጠች። እ.ኤ.አ. በ1886 በቀይ ባሕር ላይ ስትጓጓዝ የጣሊያን መርከብ የባሪያ ነጋዴዎቹን ጀልባ ይዞ ነፃ አወጣትና በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደነበረው የስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባች። በዚያም እንደ እርስዋ በልጅነቱ የተሸጠውንና በኋላ ነፃ የወጣውን ኦነሲሞስ ነሲብን አገኘች፤ እርሱም ልዩ የቋንቋ ስጦታዋን ተገነዘበ።

የአስቴር ሥራ ምን ነበር? ለመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የሚያገለግለውን የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ማሰናዳት ዋነኛው ሲሆን ከዚህ ሌላ በቃል ሲወርዱ የኖሩትን የሕዝቡን ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌዎችና መዝሙሮች ወደ 500 የሚጠጉትን በጽሑፍ አኖረች። ብዙዎቹም እ.ኤ.አ. በ1894 በወጣው የመማሪያ መጽሐፍ ታትመዋል። ልብ በሉ፤ ከእናቷ ቤት ተነጥቃ፣ አገሯን በባሕር ዳር ሆና የምታስብ ልጅ ናት ከትዝታዋ እየቀዳች የሕዝቧን ድምፅ ያተረፈችው። ሻጮቿ እንደ ዕቃ ዋጋ ያወጡላት ልጅ በአእምሮዋ የተሸከመችውን ቤተ መጻሕፍት ማንም ነጋዴ አልገመተውም ነበር።

ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። በርእሱ ገጽ ላይ ግን የአስቴር ስም አልተጻፈም፤ የኦነሲሞስ ስም ብቻ ነበር። ኦነሲሞስን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምናነሣው፤ እርሱም የተገፋ ሰው ነበር፤ ሥራውም ታላቅ ነው። ነገር ግን የተገፉትም መካከል ይበልጥ የተገፋ እንዳለ፣ የወንዶቹ ድምፅ ሲሰማ የሴቶቹ ወደ ኋላ እንደሚቀር ያስተምረናል። አስቴር እ.ኤ.አ. በ1904 ከኦነሲሞስና ከሌሎች ጋር ወደ ወለጋ ተመልሳ በነቀምት ልጆችን አስተምራለች።

አስቴር የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባል አልነበረችም፤ ሆኖም መንፈስ ቅዱስ በወደደው ይሠራል። በእኛም ወገን በኦሮሞ ሕዝብ መካከል ለረጅም ዘመን የሠሩት የካፑቺን ማኅበር አባል አቡነ ጉልዬልሞ ማሳያ የአማርኛንና የኦሮምኛን ሰዋስው የያዘ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1867 በፓሪስ አሳትመዋል። መጽሐፉ በደራሲው ስም ይታወቃል፤ ቃሉንና አገባቡን በየቤታቸው ያስተማሯቸውን ሰዎችም በጸሎታችን ማሰብ ይገባናል። በሱዳን ዳርፉር ተወልዳ በባርነት የተሸጠችው ቅድስት ዮሴፊና ባኪታም እ.ኤ.አ. በ1910 የሕይወት ታሪኳን ለአንዲት የማኅበሯ እኅት ነግራ አስጽፋለች፤ በ2000ም የቅድስና ማዕርግ ታውጆላታል። አንዲት መነኩሲት ቁጭ ብላ ባታዳምጣትና ባትጽፍላት ኖሮ የዚያች ቅድስት የልጅነት ሥቃይ በምን ይታወቅ ነበር?

4. በእናቶቻችን እጅ ያለው በትር

ድምፅን የመስማት ሥርዓት ለአገራችን ባዕድ አይደለም። በኦሮሞ ባህል ሲንቄ የተባለ በትር አለ፤ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ ትቀበለዋለች። አንዲት ሚስት ስትበደል ጩኸቷን የሰሙ ሴቶች ሥራቸውን ጥለው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩ ይቅርታ ጠይቆ እስኪክስ ድረስም ወደ ቤታቸው አይመለሱም። በደሉ የአንዲት ሴት የግል ገመና ሆኖ አይቀርም፤ የማኅበሩ ሁሉ ጉዳይ ይሆናል። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር ደስ ብሎናል፤ የእናቶች ሲንቄም የዚሁ ቅርስ አካል መሆኑን ለልጆቻችን ማስተማር ይገባል።

ነገር ግን እውነቱን መሸፈን አይገባንም። በአምቦም ሆነ በጊንጪና በጉደር አካባቢ፣ እንዲሁም በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ብረት ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ለዘመናት ተንቀው ኖረዋል። ማረሻውን ከቀጥቃጩ ገዝቶ ያረሰ ገበሬ ከቀጥቃጩ ጋር ማዕድ አልቆረሰም፤ በሸክላ ሠሪዋ ጀበና ቡና ያፈላች እመቤት ሸክላ ሠሪዋን ቡና ጠጪ ብላ አልጠራችም፤ ቡዳ ናት ብላ ልጇን ሸሸገችባት እንጂ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ሠሪዎች በሙያቸው እንዳይሰደቡ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ንቀቱ ግን በጋብቻና በማዕድ፣ አንዳንዴም ወዮልን፣ በቤተ ክርስቲያናችን አግዳሚ ወንበር ላይ እንኳ ገና አልጠፋም።

5. ከራሳችን ስሕተት የተማርነው

እኛም በዚህ ነገር ንጹሕ ነን አንልም። በክህነታችን የመጀመሪያ ዓመታት በአንድ ቁምስና ስናገለግል ሸክላ እየሠሩ የሚተዳደሩ አንዲት ባልቴት ነበሩ። በዐቢይ ጾም ቤታቸው ገብተን ምጣድ እየለሰኑ ታሪካቸውን አጫወቱን፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የባል ወንድሞች «የሸክላ ሠሪ ልጅ መሬት አይወርስም» ብለው እርሻውን እንደወሰዱባቸው ነገሩን። ልባችን ተነካ። በሚቀጥለው እሑድ በስብከታችን ይህንኑ ታሪክ ስም ሳንጠራ ተረክነው። መንደሩ ትንሽ ስለነበር ሸክላ ሠሪ ባልቴትም አንዲት ብቻ ስለነበሩ ስም መጥራት አላስፈለገም፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ምእመናንም አዝነው እህል አዋጡ፤ እኛም መልካም የሠራን መሰለን።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ከቤተ ክርስቲያን ቀሩ። ልንጠይቃቸው ስንሄድ በኦሮምኛ እንዲህ አሉን፦ «አባ፣ ስለ እህሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገሩን ግን ለእርስዎ ነበር የነገርኩት። አሁን ገበያ ስወጣ ሰው ሸክላዬን ትቶ ፊቴን ያያል። ደግሞስ ይህን ሁሉ ሲያወሩ መሬቱ ይመለስላት ያለ ሰው አለ?»

የምንመልሰው አጣን። ታሪካቸውን ያለ ፈቃዳቸው ወስደን ነበር፤ የፍትሕ ጥያቄያቸውን ወደ ምጽዋት ለውጠነው ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጌታችን ዕውር የነበረውን በርጤሜዎስን የጠየቀውን ጥያቄ፣ ማለትም ምን እንዲደረግላቸው እንደሚሹ አልጠየቅናቸውም። ይቅርታ ለመንናቸው። ከዚያም በራሳቸው ፈቃድ ወደ አገር ሽማግሌዎች ሸንጎ አብረን ሄድን። በዚያ የተናገሩት ግን እኛ አልነበርንም፤ እርሳቸው ነበሩ። እኛ ከጎናቸው ተቀምጠን ዝም አልን። ነገሩ ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶ ከእርሻው ከፊሉ ተመለሰላቸው። ሙሉ ፍትሕ ነው አንልም፤ ነገር ግን በዚያ ሸንጎ ላይ ሽማግሌዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» ማለታቸውን ትተው «እርስዎ» ሲሏቸው ሰምተናል።

6. እንዴት እናድምጥ?

ከዚህ ተነሥተን በየቁምስናው ለሚያገለግሉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የሚከተሉትን ምክሮች እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ወደ ሰውየው ቤት እንሂድ። ድሀን ወደ ቢሮ ጠርቶ ማናገር ችሎት ያስመስላል፤ በራሱ ደጃፍ ግን ባለቤት እርሱ ነው።

ሁለተኛ፤ በሚያቀናው ቋንቋ ይናገር። በአካባቢያችን በልቡ የሚያስበውን በኦሮምኛ የሚገልጽ ምእመን በአማርኛ እንዲያስረዳ ሲገደድ ከታሪኩ ግማሹ ይቀራል። አስተርጓሚ ካስፈለገም ተናጋሪው የሚያምነው ሰው ይሁን።

ሦስተኛ፤ አናቋርጥ፤ ለመምከርም አንቸኩል። የተበደለ ሰው ታሪኩን በቅደም ተከተል ላይናገር ይችላል። እንባና ዝምታም የንግግሩ ክፍል ናቸው።

አራተኛ፤ ታሪኩ የባለታሪኩ ነው። በስብከት፣ በመጽሔት ወይም በስብሰባ ከማቅረባችን በፊት ፈቃዱን እንጠይቅ፤ ስም ቢደበቅም ሰው የሚለየው ከሆነ አንናገረው። በተለይ የሕፃናትንና የተደፈሩ ሴቶችን ነገር በአደባባይ ማውጣት ቁስልን ዳግመኛ መክፈት ነው።

አምስተኛ፤ ሁለቱንም ወገን እንስማ። ድሀን ማድመጥ ባለጠጋውን ሳይሰሙ መፍረድ አይደለም፤ ፍርድ ከመስማት ይጀምራልና።

7. ከመስማት ወደ ፍትሕ

መስማት ብቻውን ግን በቂ አይደለም። እግዚአብሔር የእስራኤልን ጩኸት ከሰማ በኋላ ሊያድናቸው እንደወረደ ኦሪት ዘፀአት ይናገራል (ዘፀ. 3፥7-8)። የሰማ ሰው ባለዕዳ ነው።

ሳይሰማ የቀረ ድምፅ ምን እንደሚያስከትል የእኛ አካባቢ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአምቦ በተነሣው ተቃውሞ የወጣቶች ሕይወት ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2015 በጊንጪ ተማሪዎች ያነሡት ጥያቄ መጀመሪያ የአካባቢያቸውን ደንና የመጫወቻ ሜዳ የሚመለከት ነበር። ያ በምንጩ ትንሽ የነበረ ውሃ በጊዜው ሰሚ አጥቶ ወደ ብዙ የኦሮሚያ ከተሞች ወረደ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ሞቱ። ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት በልዩ ልዩ ግጭቶች ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች በየመንደራችን አሉ። የአንዳንዷ ልጅ ተማሪ ነበረ፤ የአንዳንዷ ወታደር፤ የአንዳንዷ ደግሞ መንገደኛ። በቅዳሴ ጎን ለጎን ቆመው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ አንዷ የሌላይቱን ኀዘን ግን አልሰማችም። ቁምስናችን እነዚህን እናቶች በአንድ የቡና ረከቦት ዙሪያ ማስቀመጥ ቢችል፣ ማን ጥፋተኛ ነው ሳይባል እያንዳንዷ ስለ ልጇ እንድትናገር ቢደረግ፣ ብዙ ንግግር የማያመጣውን እርቅ ሊያመጣ እንደሚችል እናምናለን።

ፍትሕ ከቤታችንም ይጀምራል። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በባልና በሚስት ስም እንዲሆን ሕጉ ፈቅዷል፤ መምህራን ይህን ለሴቶች ምእመናን ያስረዱ። ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ በቁምስና ምክር ቤት ይመረጡ፤ ክርስትና አባትና እናት ይሁኑ፤ በማኅበር ጽዋቸው ይጠጣ። በሰው ቤት የምታገለግል ልጅ በእሑድ ቅዳሴ እንድትገኝና እንድትማር አሠሪዎቿ ምእመናን ከሆኑ ግዴታቸው መሆኑን ይወቁ።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በቁምስናችን ስብሰባ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የተናገሩት እነማን ነበሩ? ተገኝተው ያልተናገሩትስ?
ለ. በስማቸው ሳይሆን በሥራቸው ወይም በችግራቸው ብቻ የምንጠራቸው ሰዎች አሉን?
ሐ. የሌላውን ታሪክ ያለ ፈቃዱ ያወራንበት ጊዜ አለ? እንዴትስ ልንክስ እንችላለን?
መ. እስከሚቀጥለው እትም ድረስ ቤታቸው ሄደን የምናዳምጣቸው ሁለት ሰዎች እነማን ናቸው?

ጸሎት

አጋርን በምድረ በዳ በስሟ የጠራህ፣ የአስቴርን ትዝታ ከባሕር የታደግህ አምላክ ሆይ፤ ጆሮአችንን ክፈትልን። የድሀውን ቃል እንደ ከንቱ ወሬ ከመቁጠር አድነን። የሰማነውን በታማኝነት እንድንጠብቅ፣ የተረዳነውንም ፍትሕ ያለ ፍርሃት እንድንፈጽም ኃይል ስጠን። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ። አሜን።